አሥራ አንዱን ዘጠኝ ያደረግሁ ለት

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም፤ ስለዚህ ሳልወድ ከራሴ ልጀምር። ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ጎንደር፣ ማራኪ ሠፈር ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ መጻፍ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ መቃወም ነው። ሰው ሁሉ ያመሰገነውን መጽሐፍ እነቅፋለሁ፤ ሰው ሁሉ ያወገዘውን አነሣለሁ። መድኃኒት ስገዛ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቤ ከሐኪሙ ጋር እከራከራለሁ። «አይነካም» የሚል ጽሑፍ ሳይ ለእኔ የተላከ ግብዣ ይመስለኝ ነበር። ብዙ አንብቤያለሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ስሕተት ካላነበበው ሰው ስሕተት የሚለየው ማብራሪያው ረጅም በመሆኑ ብቻ እንደሆነ ግን ያነበብኩበት ቦታ አልነበረም።

ባለቤቴ እታፈራሁ ጂኦሎጂ ታስተምራለች። እኔ ሰው ሳይ እሷ መሬት ታያለች። በዚያ ዓመት ትደክምበት የነበረው ከደባርቅ አልፎ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ መንደር ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ሰዎቹ የእኔ ጽሑፍ ማድመቂያ አይደሉም። አሥራ አራት ቤት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቆ ነበር፤ ሰው ክንዱን የሚያስገባበት ስንጥቅ። እታፈራሁ በጋውን ሙሉ እየወጣች አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ ውኃው የሚሄድበትን ለካች። ያንን ሁሉ ኮምፒውተር አስልቶ ካርታ ያወጣል፤ መሬቱ ሊንሸራተት የሚችልበት ቦታ ቀይ፣ የማይሠጋበት አረንጓዴ። ቀበሌው ቀይ ላይ ያሉት ቤቶች ዝናቡ ሳይበረታ እንዲለቁ ተስማምቷል። የሚጠበቀው ካርታው ብቻ ነበር።

ስሌቱ የሚሠራው ቤታችን ባለው ኮምፒውተር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ተገልግሎበት የጣለው፣ አቧራው ተጠርጎ የተሸጠልን ዕቃ ነው። ስሌቱ አንዴ ከተጀመረ አሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መሀል ላይ ማረፊያ የለውም፤ መብራት ከጠፋ ከዜሮ ነው። መብራታችን ደግሞ በፈረቃ ነው። ሲሰጠን አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰጠናል፤ የሚቆርጠው ሰው ከዘነጋን ጥቂት ይጨምርልናል። ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ የሚቆርጠው ሰው ዘንግቶን ነበርና ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጠፋ። እታፈራሁ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። አላለቀሰችም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«እኔ ብጠብቅ ዝናቡ አይጠብቅም» አለች።

አንድ ሰዓት። ከዚያ ስሌት ላይ አንድ ሰዓት ብሰርቅ ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ ኃጢአቴን ለመናገር ዕቃውን ማስረዳት አለብኝ። ራም የሚባለው የኮምፒውተር ክፍል መረጃ ሲጠየቅ ወዲያው አይሰጥም። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ እንደሚወጣ ሠራተኛ የተወሰነ ምት ይቆያል። ስንት ምት እንደሚቆይ ፋብሪካው ወስኖ፣ ራሙ ላይ በተለጠፈች ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ቺፕ ላይ ጽፎታል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያንን ቁጥር አንብቦ ይታዘዛል። ውድ የሆኑት ማሽኖች ባዮስ በሚባለው የመነሻ ገጻቸው ላይ ቁጥሩን እንድትቀይሩ ይፈቅዳሉ። የእኛው ግን ቀንና ሰዓት ከማስተካከል በቀር ምንም አይፈቅድም። የማይፈቀድ ነገር ምን እንደሚያደርገኝ ነግሬያችኋለሁ።

ባዮሱን አልለመንኩትም፤ በጎኑ ዞሬ አለፍኩት። በቀጥታ ቺፗ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አገኘሁና አሥራ አንድ የሚለውን ዘጠኝ አደረግሁት። አብረውት የሚሄዱትንም ቁጥሮች በዚያው ልክ ቀነስኩ። ማሽኑ የሚያውቀው ራሙ የነገረውን ነው፤ እኔ ራሙን ውሸት አስተማርኩት። አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ተነሣ። ፋብሪካ ሙሉ መሐንዲስ ያልደፈረውን ማራኪ የተቀመጠ ጸሐፊ ደፈረው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

የፕሮግራሙ መመሪያ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ነበረች። ከዚህ በኋላ ራሙን ቢያንስ ስምንት ሰዓት ፈትሹ ትላለች። አንብቤያታለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን መብራት በፈረቃ ለማያገኝ ሰው የተጻፈች ምክር ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰጥቶን ስምንቱን ለፈተና ካዋልነው ለሥራው ምን ይቀራል? የፈረቃ መብራት ያለው ቤት ውስጥ መፈተሽ ብክነት ነው። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ እንከን አላገኘሁለትም፤ እንደ ክርክር።

እታፈራሁ ማታ ገብታ ምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ።

«አፈጠንኩት።»

«ያስተማምናል?»

«ተነሥቷል፤ ይሠራል። ሌላ ምን ይሁንልሽ?»

ስሌቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። መብራቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠፋ። እታፈራሁ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ አይገጥምም። ካርታው ላይ ስድስት ቤቶች ቀይ ወጡ፤ ስምንቱ አረንጓዴ። ከአረንጓዴዎቹ ትልቁ የአያ ሞላ ቤት ነው። አያ ሞላ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እታፈራሁ ስትወጣ የምታድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ቤታቸው ከቀዩ ቀለም በአንዲት ጠባብ ማሳ ስፋት ብቻ ይርቃል። እታፈራሁ ያቺን ማሳ በጣቷ ደጋግማ ስትነካት አይቻታለሁ። ሐሙስ ጠዋት ካርታውን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጽሑፎቼን ለአንድ አርታኢ ለመላክ በአንድ ፋይል ጨምቄ ጠቀለልኩ። ደህና መሆኑን ለማየት ስከፍተው ተበላሽቷል አለኝ። እንደገና ጠቀለልኩ፤ አሁንም ተበላሽቷል፤ የተበላሸው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በተመሳሳይ ሥራ ሁለት የተለያየ ስሕተት። ያንን ስምንት ሰዓት የነፈግሁትን ፈተና ከፈትኩት። ስምንት ሰዓት አልፈጀም። በአራተኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ቀይ መስመር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ መስመሮቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ወረዱ።

ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እንቢ ብሎ የማይነሣ ማሽን ሐቀኛ ነው፤ ተበላሽቻለሁ ይላል። የእኔው ግን ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይፈጥናል፤ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ አንዱን ቁጥር በሌላ ይተካል። እታፈራሁ ይዛው የሄደችው ካርታ በዚያ ማሽን ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲፈላ የዋለ ነው። የቱ ቀለም እውነት፣ የቱ ውሸት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም።

ደወልኩላት፤ ጥሪ አይቀበልም። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚገኘው ከላይ፣ ከስንጥቁ ርቃ አለት ላይ የተሠራችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ጉብታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ለዚህ ነው የምጽፈው። አንድ ሰዓት ተኩል ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩለት። ስሕተቱ ሚሊዮን ጊዜ ላይ አንዴ ነው አልኩ። ካርታው ከዓይን ግምት ጋር ይስማማል አልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም የሚለውንም አልኩ፤ እሱን ስናገር ድምፄን አውጥቼ ኖሮ ክፍሉ ውስጥ ሰማሁት። ያኔ ተነሣሁ።

ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ጉሙ መንገዱን በላው፤ ሾፌሩ መስታወቱን በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል። እኔ በየአምስት ደቂቃው እደውላለሁ። ዳባት ላይ ትዕግሥቱ አለቀና በመስታወቱ አየኝ።

«ምነው ጋሼ፣ እንዲህ ያጣደፈዎት ለቅሶ ነው?»

«ገና አልታወቀም» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ማንም አላናገረኝም።

ከደባርቅ ማዳበሪያ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ፤ አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ሲቀር በእግሬ ቀጠልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። መንገዱ ዳር ያለው ውኃ ቡና መሰለ፤ እታፈራሁ ውኃ ሲደፈርስ ላይኛው አፈር መነቀሉ ነው ስትል ሰምቻት ስለነበር ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ። የሚንሸራተት ተዳፋት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ስለማላውቅ የሰማሁትን ድምፅ ሁሉ እሱ ነው እያልኩ ሄድኩ።

መንደሩ ስደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። ካርታው ላይ ቀይ የሆኑት ስድስት ቤቶች ባዶ ናቸው፤ በሮቻቸው ተነቅለው ተወስደዋል። ሰዎቹ የት ሄዱ አልኩ። ማንም ሳይመልስልኝ ከአንዱ ቤት የሰውና የከብት ጫጫታ ሰማሁ። ሁሉም አያ ሞላ ቤት ናቸው። መቼም ትልቁ ቤት እሱ ነው፤ ባለቤቱም ሰው መመለስ አያውቁም። ካርታው ደህና ነው ብሏል። አርባ የሚሆን ሰው፣ ፍየሎች፣ ጥጆች፣ የዘር ገብስ ጆንያ፣ ሁሉም ከዚያ አንድ ጣራ ሥር ታጭቀዋል። ውሸት ያስተማርኩት ራም መንደሩን ሰብስቦ አንድ ቦታ አስቀምጦታል።

እታፈራሁ በር ላይ አየችኝ። ጭቃዬን አየችና ሰው የሞተብን መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ከጣራው ክፈፍ ሥር ጎትቼ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ፈትሸኸው አልነበረም?»

«አልፈተሽኩትም።»

«ያስተማምናል ስልህ?»

ከእኔ አፍ ክርክር ሲጠፋ የመጀመሪያዋ ምስክር እሷ ናት። አልጮኸችም። ያቺን ጠባብ ማሳ ዞራ አየቻት። «እኔ አልነግራቸውም» አለች። «አንተ ትነግራቸዋለህ። እኔን አምነው ነው የገቡት፤ በማን እንደወጡ ደግሞ ይወቁ።»

ገባሁ። አያ ሞላ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መደቡ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ተኝተዋል፤ ከፋሲካ ወዲህ ደረታቸውን ታመው ከአልጋ አልወረዱም። ያደረግሁትን ተናገርኩ። ራም፣ ባዮስ አላልኩም። ካርታውን የሚያወጣውን ማሽን ቶሎ እንዲሠራ ብዬ ነካካሁት፤ ቶሎ ሠራ፤ ግን ሲሠራ ሳይታወቅ ይሳሳታል፤ የትኛው ላይ እንደተሳሳተ አይታወቅም አልኩ።

ከዚያ ከጆንያዎቹ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ «ትናንት ሸጋ ነው ግቡ አላችሁን፤ ዛሬ ውጡ ትሉናላችሁ» አለ። «ነገ ደግሞ ገደሉ ይሻላል ትሉን ይሆናል።» የሳቀ አለ። እኔ ላይ ከተሳቀው ሁሉ እንደዚያ የተገባ ሳቅ አላውቅም።

አያ ሞላ አልሳቁም። «አንዲት ነገር ንገረኝ» አሉኝ። «ይህ ቤቴ ይቆማል ወይስ አይቆምም?»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በሕይወቴ ያልመለስኩት ጥያቄ አልነበረም። ስለማላውቀው ነገር እንኳ ከሚያውቁት ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። አፌ ውስጥ ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። አርባ ሰው ያየኛል። ከመደቡ ላይ የወይዘሮ ውዴ ትንፋሽ ይሰማል።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«ከጎንደርም ከአዲስ አበባም ስንቱ መጣ» አሉ አያ ሞላ። «ማዳበሪያ የሚያመጣው ያውቃል፣ ዛፍ ትከሉ የሚለው ያውቃል፣ ዛፍ ንቀሉ የሚለው ያውቃል። አላውቅም ለማለት በዚህ ዝናብ ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣ ሰው አላየሁም። ይህስ ፈርቶ ነው።» ተነሡ። «ውጡ። ወደ ማርያም።»

የወጣነው ጨለማ እንዳይይዘን እየተጣደፍን ነው። ጎዳናው ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ዝናቡ ፊት ለፊት ይመታል። ወይዘሮ ውዴን በቃሬዛ ተሸከምናቸው፤ ላያቸው ላይ ላስቲክ አለበስናቸው፤ ካርታው የተጠቀለለበትም ላስቲክ አብሮ ነበር። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እኔው ለምኜ። ግማሽ መንገድ ላይ ከላስቲኩ ሥር ድምፅ ሰማን።

«ሞላ፣ ይኼ የከተማ ሰው ትከሻው ያዘነብላል። ገደል ሳይከተኝ ለውጡልኝ።»

ለወጡኝ። ወይዘሮ ውዴ ሳሉ፤ ሳሉ፤ መሳላቸው እስከ ላይ ድረስ ከኋላዬ አልተለየኝም።

ሰዉ ደጀ ሰላሙ ውስጥና ዛፎቹ ሥር ተጠለለ። እሑድ ጠዋት እታፈራሁ ወደ ጎንደር መለሰችኝ። እሷ ከእነሱ ጋር ትቆያለች፤ እኔ ያበላሸሁትን አስተካክዬ፣ ፈትሼ፣ ስሌቱን እንደገና አስኬዳለሁ። የፋብሪካውን ቁጥር ጽፌ ያስቀመጥኩባት ቁራጭ ወረቀት መጽሐፍ ውስጥ ዕልባት ሆና ተገኘች። ዘጠኙን አሥራ አንድ አደረግሁት። ስምንቱን ሰዓት ሙሉ ከማሽኑ ፊት ሳልነሣ ፈተሽኩ፤ አንድም ቀይ መስመር አልወጣም። ከዚያ አሥራ ሦስቱን ሰዓት ጀመርኩ። መብራቱ አልጠፋም። ወር ሙሉ አሥራ አራት ሰዓት ቆይቶ የማያውቅ መብራት ያን ጊዜ አንድ ቀን ተኩል በራ። አምላክ ይቀልዳል ብዬ ለመጻፍ የሚያበቃ እምነት የለኝም፤ ቢኖረኝ ግን የምጽፈው ያን ለት ነበር።

ሁለቱን ካርታዎች አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ አየሁ። ልዩነት ነበራቸው፤ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ጭላዳ እንጂ ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ ጥቂት ነጥቦች ተዛብተዋል። መንደሩ ውስጥ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። ስድስቱ ቤቶች ቀይ፣ ስምንቱ አረንጓዴ። የአያ ሞላ ቤት አረንጓዴ ነው። ከመጀመሪያውም አረንጓዴ ነበር።

ማክሰኞ ይህንን ይዤ ወጣሁ። ሰዉ በሦስተኛው ቀን ወደ አያ ሞላ ቤት ተመለሰ። የዘሩ ገብስ ግማሹ በስብሷል። ያ ጎልማሳ ጆንያዎቹን እፊቴ እየገለበጠ የበሰበሰውን ለየ። ከሳምንት በኋላ ከስድስቱ ባዶ ቤቶች ሁለቱን መሬቱ ይዟቸው ወረደ፤ ማንም አልተነካም። የእታፈራሁ ካርታ ልክ ነበር።

ወይዘሮ ውዴ ከማርያም ከተመለሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ከሰው ኋላ ልቀመጥ ስል አያ ሞላ አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ በተከፈተው በር ያቺ ጠባብ ማሳ ትታያለች፤ ገብሷ አረንጓዴ ነው።

«ከቤቷ ባትወጣ ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?» አሉኝ በቀስታ።

ታመው ነበር ልላቸው እችል ነበር፤ እውነት ነው። ሐኪም የማያድነው በሽታ ነው ልላቸው እችል ነበር፤ ምናልባት እሱም እውነት ነው።

«አላውቅም አያ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ያዙት፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ እንደያዙት ቆዩ።

እናንተ አንባቢዎቼ ከዚህ ትምህርት እንዳወጣላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ ስጀምር ቃሬዛው ይታየኛል። ዝም ብል ይሻል ነበር ብዬ ስጀምር አርባው ሰው፣ ያ ጣራ፣ ያ በአንዲት ማሳ ብቻ የሚርቅ ቀይ ቀለም ይታየኛል። ቅዳሜ ጠዋት ያወቅሁትን ብቻ ይዤ ብመለስ አሁንም እሄዳለሁ። ወደ ኋላ መመለስ ካለብኝ ግን የምመለሰው ወደዚያች ቅዳሜ አይደለም፤ ያስተማምናል ወይ ወደተባልኩባት ማታ ነው። ከአንድ ቃል የማትበልጥ መልስ ነበረች፤ እኔ ግን ተከራከርኩ።

ኮምፒውተሩ ዛሬም በፋብሪካው ቁጥር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ እንጀምራለን። እታፈራሁ ይቅር ብላኛለች መሰለኝ፤ ግን አንድ ነገር ስነግራት ከማመኗ በፊት ትንሽ ትቆያለች። ያችን ቆይታ ማሳጠር አልችልም፤ አልሞክርምም።

አያ ሞላ ደግሞ ዝናብ በበረታ ቁጥር ማርያም ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉልኛል። ካርታው የእታፈራሁ ነው፤ እሷን ላገናኝዎት ብላቸው እምቢ ይላሉ።

«ምን ትላለህ ልጄ፣ ይቆማል?»

«አላውቅም አያ» እላቸዋለሁ።

እሳቸውም ወርደው ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ማርያም ይወጣሉ። አሁን ከዚያ ቤት በቃሬዛ የሚወጣ ሰው የለም።